ከማሽኑ በፊት እጅ ይልመድ
ስለ ስቲከር ቈረጣ ሥራ ለሚጀምሩ ቤተሰቦች የቀረበ ምክር

በአዲስ አበባ ከተማ በታክሲ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከሾፌሩ ራስ በላይና በመስኮቱ ዳር በልዩ ልዩ ቀለም የተለጠፉትን አጫጭር ቃላት ሳያነብ አይወርድም። በሱቅ መስተዋት ላይ የሚነበበው የባለቤቱ ስም፥ በባጃጅ ጀርባ ላይ የሚታየው ጌጥ፥ በጥምቀት ዕለት የየአጥቢያው ወጣቶች በአንድነት በሚለብሱት ካናቴራ ላይ ያለው ጽሑፍ፥ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሙያ ውጤት ነው። ይኸውም የስቲከር ቈረጣ ሙያ ነው። በዚህ ሥራ ቀለም በብሩሽ አይቀባም፤ አስቀድሞ ቀለም የያዘ ስስ ፕላስቲክ በፊደሉ ቅርጽ ተቈርጦ ይለጠፋል እንጂ።

ሥራው ሰፊ ቦታ አይጠይቅም፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይቻላል። ስለዚህ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በቤታቸው ገቢ ለማግኘት የሚፈልጉ እናቶች፥ ትምህርታቸውንም ጨርሰው ሥራ የሚጠባበቁ ወጣቶች፥ ልባቸው ወደዚህ ሙያ ቢያዘነብል አያስደንቅም። የሚያሳስበው አጀማመሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት እናስብ። እናትየው የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላታል። ልጅዋም አጠገቧ ቁጭ ብሎ፥ «እማዬ፥ በዚህ ብር የመቍረጫ ማሽን እንግዛ፤ ማሽኑ ራሱ ይቈርጣል፥ የእኛ ሥራ መሸጥ ብቻ ነው» ይላታል። እርስዋም ጥቂት አሰብ አድርጋ፥ «ልጄ፥ ማሽኑ ከቈረጠ በኋላ ያለውን ማን ይሠራዋል?» ብላ ትጠይቀዋለች። ልጁ መልስ ያጣል። የዕቁብ ብር ደግሞ የተገኘ ስጦታ አይደለም፤ ዕጣው ከወጣ በኋላም መዋጮው እስከ መጨረሻው ይከፈላል። እንግዲህ ጥያቄው የማሽን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ እንጀራ ጥያቄ ነው። የእናትየውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ ሰው ሥራውን ለመጀመር ተዘጋጅቷል ማለት ይቻላል።

ቪኒል ምንድን ነው?

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ስስ ፕላስቲክ ቪኒል ይባላል፤ የሚሠራውም ፖሊቪኒል ክሎራይድ ከተባለው ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር በባሕርዩ ደረቅ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ዋልዶ ሲመን የተባለው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በጉድሪች የጎማ ኩባንያ ሲሠራ ሳለ፥ ለስላሳና ተጣጣፊ የሚሆንበትን መንገድ አገኘ። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስታንተን ኤቨሪ የተባለው ሰው በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ ከጀርባው ሙጫ ያለበትና ተልጦ የሚለጠፍ ወረቀት እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በ1980ዎቹ ዓመታት በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የፊደል መቍረጫ ማሽኖች የማስታወቂያ ሰሌዳ በሚጽፉ ባለሙያዎች እጅ ገቡ። የዛሬው ሙያ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው።

ስቲከሩን ከጐኑ ብንመለከተው ሦስት ነገር ነው። በላይ ቀለም ያለው ቪኒል፥ በመካከል ሙጫ፥ በታች ደግሞ የሚላጠው ወረቀት አለ። የሙያው ምሥጢር የላይኛውን ቈርጦ የታችኛውን አለመቍረጥ ነው።

ቪኒል ሲገዛ ዐይነቱን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ዐይነት በጋሉ ሮለሮች መካከል ተዳምጦ የሚሠራው ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለሱቅ መስተዋት፥ ለሰሌዳና ለመሳሰለው ጠፍጣፋ ነገር ይስማማል፤ ነገር ግን ጊዜ ሲያልፍ የመሸብሸብና የመኰማተር ጠባይ አለው። ሁለተኛው በፈሳሽነቱ ፈስሶ የሚደርቀው ነው። ይህኛው በጣም ስስ ሆኖ፥ ውፍረቱ 50 ማይክሮን፥ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ እጅ ያህል ነው። በመኪና ጎባጣና ስርጉድ አካል ላይ ተኝቶ የሚቀረውና ፀሐይን ለብዙ ዓመት የሚታገሠው እርሱ ነው። ስለዚህ ሻጩን፥ «ለመስተዋት ነው፤ ለመኪና ነው፤ ለካናቴራ ነው» ብሎ መንገር እንጂ ቀለሙን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም። ለካናቴራ የሚሆነው ሦስተኛ ዐይነት ነውና፤ ሙጫውም የሚሠራው በሙቀት ነው።

በእጅ መጀመር

ማሽን ሳይገዙ የሚለመድ ብዙ ነገር አለ። አንድ ሜትር ቪኒል፥ አንድ ከተር፥ የብረት ማስመሪያ፥ ወረንጦ፥ እንዲሁም ትራንስፈር ቴፕ የሚባለው ማስተላለፊያ ፕላስተር ይበቃሉ። የመጀመሪያው ሥራ ለራስ ቤት ይሁን። የበርበሬውን፥ የሽሮውንና የቡናውን ዕቃ ስም ቈርጦ በየዕቃው ላይ መለጠፍ መልካም ትምህርት ነው፤ ቢበላሽም የሚቈጣ ደንበኛ የለም።

ልጁ ይህን ሲሞክር የፊደላችንን ጠባይ ይማራል። በ«መ»፥ በ«ወ»ና በ«ዐ» ውስጥ ያለው ክብ ክፍት ቦታ እየተለየ መውጣት አለበት። እንደ «ሌ»ና እንደ «ቤ» ባሉት በኃምስ ፊደሎች እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት፥ እንደ «ሉ» ባሉት በካዕቦችም ጐን ላይ ያለችው ቅጥያ፥ ፊደሉ ከጠበበ ትርፉ ሲነቀል አብራ ትነሣለች። ስለዚህ ጀማሪ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ፊደል አይሞክር፤ የፊደሉም አጣጣል ወፈር ያለ ይሁን። ይህን በእጁ ያወቀ ሰው፥ ኋላ በማሽን ሲሠራ የትኛው ጽሑፍ እንደሚያስቸግር ገና ሳይቈርጥ ያውቃል።

ከሥዕል እስከ መለጠፍ

የማሽኑ ሥራ በአምስት ደረጃ ይፈጸማል። ከአምስቱ ማሽኑ የሚሠራው አንዱን ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

መጀመሪያው ሥዕሉን ማሰናዳት ነው። ማሽኑ የሚያነበው በመስመር የተሠራ፥ ቬክተር የሚባለውን ሥዕል ነው፤ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ እንዲሁ አይቈረጥም። ለዚህ ሥራ ኢንክስኬፕ የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል። የአማርኛ ጽሑፍ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሄድ፥ ፊደሉ በዚያ ከሌለ ተለውጦ ሌላ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፥ ከመላኩ በፊት ወደ መስመር ቅርጽ ይለወጥ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ያንብበው። አንዲት የተሳሳተች ፊደል በሱቅ መስተዋት ላይ ለዓመታት ስትነበብ ትኖራለችና።

ሁለተኛው መቍረጥ ነው። ከመቍረጥ በፊት ግን በቪኒሉ ጠርዝ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ለሙከራ ትቈረጥ። ለተለመደው ቪኒል 45 ዲግሪ ያለው ምላጭ፥ ለወፍራሙ ደግሞ 60 ዲግሪ ያለው ያገለግላል። የሙከራዋ ቍራጭ ስትነሣ በታችኛው ወረቀት ላይ ደብዘዝ ያለ ምልክት ብቻ ከታየ ልኩ ደርሷል። ወረቀቱ ከተቀደደ ምላጩ በዝቷል፤ ቪኒሉ ካልተላቀቀ አንሷል።

ሦስተኛው ትርፉን መንቀል ነው፤ ይህም ጤፍ እንደ ማረም ትዕግሥት ይፈልጋል። ከማዕዘን ጀምሮ፥ ትርፉን ወደ ኋላ አጥፎ፥ ወደ ላይ ሳይጐትቱ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የፊደሉን ውስጥ በወረንጦ ማውጣት ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራም ይሆናል።

አራተኛው ማስተላለፊያውን ፕላስተር በፊደሎቹ ላይ አልብሶ በጠንካራ ፕላስቲክ ካርድ መዳመጥ ነው። ፊደሎቹ ቦታቸውን ሳይለቁ በአንድነት የሚነሡት በዚህ ነው።

አምስተኛው መለጠፍ ነው። መስተዋቱ በአልኮል ተወልውሎ ይድረቅ፤ ቅባትና አቧራ ካለበት የትኛውም ሙጫ አይዝም። ቦታው በማስመሪያ ተለክቶ በእርሳስ ወይም በፕላስተር ምልክት ይደረግ። ከዚያም ከመካከል ወደ ዳር እየዳመጡ መለጠፍ ነው። ሰፊ ጽሑፍ ሲሆን ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የተጨመረበት ውኃ በመስተዋቱ ላይ ቢረጭ፥ ስቲከሩን ለማስተካከል ፋታ ይሰጣል። በመስተዋቱ የውስጥ ገጽ ተለጥፎ ከውጭ የሚነበብ ከሆነ ጽሑፉ ተገልብጦ መቈረጥ እንዳለበት አይዘንጋ።

ካናቴራም እንዲሁ ተገልብጦ ይቈረጣል። ቪኒሉ በአምራቹ መመሪያ መሠረት፥ ብዙውን ጊዜ በ150 እና በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በመጫኛ ማሽን ይጫናል። የቤት ካውያም ለሙከራ ይሆናል፤ ነገር ግን ሙቀቱ በሁሉም ቦታ እኩል ስላልሆነ ለሚሸጥ ሥራ አያስተማምንም። ናይሎንና ፖሊስተር በሙቀት ሊጐዱ ስለሚችሉ አስቀድሞ በቍራጭ ጨርቅ ይሞከር። ለገዢውም፥ «አንድ ቀን ሳይሞላው አይጠብ፤ ሲታጠብም ተገልብጦ ይሁን» ብሎ መንገር የባለሙያ ግዴታ ነው።

ሂሳብ

ብዙ ሰው በዚህ ሥራ የሚወድቀው በእጁ አይደለም፤ በሂሳቡ ነው። ዋጋው በየጊዜው የሚለወጥ ስለ ሆነ፥ ለማሳያ ብቻ የሚከተለውን አኀዝ እንውሰድ። ለአንድ የሱቅ መስተዋት 300 ብር ቪኒልና 200 ብር ማስተላለፊያ ወጣ እንበል። ልጁ ሥራውን በ700 ብር ሸጦ፥ «በ500 ገዝቼ በ700 ሸጥሁ፤ 200 ብር አተረፍሁ» ቢል ይሳሳታል።

ተበላሽቶ ለሚጣለው አምስተኛው እጅ፥ 100 ብር ይታሰብ። ማሽኑ 60,000 ብር ከተገዛና በ600 ሥራ ዋጋውን ይመልስ ከተባለ፥ በየሥራው 100 ብር ይደርሳል። ለመብራትና ለመጓጓዣ 50 ብር ይጨመር። ይህ ሁሉ 750 ብር ሆነ። እንግዲህ ልጁ የሁለት ሰዓት ድካሙን ያለ ዋጋ ሰጥቶ፥ በላዩ 50 ብር ከእናቱ ዕቁብ ጨመረበት ማለት ነው። የድካሙን ዋጋ በሰዓት 100 ብር ቢያስብ፥ ከ950 ብር በታች መሸጥ አልነበረበትም። ይህን በደብተር ሳይጽፍ የሚሠራ ሰው፥ ሥራው በበዛ ቍጥር ድኽነቱ ይበዛል።

መጠንቀቅ የሚገባው

ፖሊቪኒል ክሎራይድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። ስለዚህ ሲቃጠል ሳንባንና ዐይንን የሚጐዳ መርዛም ጢስ ያወጣል። ርዝራዡን ከቈሻሻ ጋር ማቃጠል፥ ይልቁንም ለከሰል ማያያዣ ማድረግ፥ ለቤት ሰው ሁሉ አደገኛ ነው። በሌዘር በሚቈርጥ ማሽንም ፈጽሞ አይቈረጥ። በሲኒና በብርጭቆ ላይ የሚለጠፈውም ከንፈር ከሚነካው ቦታ ይራቅ። ያረጀ ምላጭ በጣሳ ተከድኖ፥ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ሌላው የሰው ንብረት ነው። የአንድን ሠዓሊ ሥራ ወይም የአንድን ኩባንያ ምልክት ያለ ፈቃድ ቈርጦ መሸጥ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቍጥር 501/1998 ይህን ይመለከታሉ። የቅዱሳንን ሥዕል በካናቴራ ላይ እንዲያትም የታዘዘም፥ ልብሱ የሚታጠብና የሚጣል ነገር መሆኑን አስቦ፥ ወደ አጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ሄዶ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ማሽኑ መቼ ይገዛ?

ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስ። እናትየው ዕቁቡን ሁሉ አትስጠው፤ የአንድ ሜትር ቪኒልና የከተር ዋጋ ትስጠው። ልጁ የቤቱን ዕቃ ጽፎ፥ የጐረቤትን የበር ቍጥር ለጥፎ፥ ለሁለት ወይም ለሦስት ደንበኞች ሥዕሉን ራሱ አሰናድቶ ማሽን ካለው ሰው ዘንድ በክፍያ አስቈርጦ፥ ነቅሎና ለጥፎ ያስረክብ። ወጪውንና ገቢውን በደብተር ይጻፍ። ደንበኛው ተመልሶ ከመጣ፥ ደብተሩም ትርፍ ካሳየ፥ ያን ጊዜ ማሽኑ ይገዛ።

ሲገዛም አራት ነገር ይጠየቅ፤ ምን ያህል ስፋት ይቈርጣል? ምላጩና መለዋወጫው በአገር ውስጥ ይገኛልን? ያለ ኢንተርኔትና በሌላ ፕሮግራም ይሠራልን? መብራት በመካከል ቢጠፋ ሥራው ምን ይሆናል? ለካናቴራና ለትንንሽ ጌጥ 30 ሳንቲ ሜትር የሚቈርጠው ይበቃል፤ ለሱቅ መስተዋት ግን ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር የሚቈርጥ ያስፈልጋል።

«ማሽኑ ከቈረጠ በኋላ ያለውን ማን ይሠራዋል?» ብላ ነበር እናትየው። ልጁ ነቅሎ፥ ለጥፎና ደብተሩን ይዞ በፊቷ ሲቆም፥ «እማዬ፥ እኔ እሠራዋለሁ» ቢላት ታምነዋለች። ያን ጊዜ የዕቁቡ ብር ወደ ሥራ ሄደ እንጂ ጠፋ አይባልም።