ስልሳ ሜትር የተጓዘው ቤት

ከዲቤንዶርፍ በኤስ 14 ባቡር ወደ ዙሪክ የሚሄድ ሰው ኦርሊኮን ጣቢያ ሲደርስ ከሐዲዱ አጠገብ አንድ ረጅም የጡብ ሕንፃ ያያል። ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ካቴድራልም አይደለም። በ1889 የተሠራ የማሽን ፋብሪካ ቢሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዳ ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ ሕንፃ ዛሬ የቆመው በተሠራበት ቦታ ላይ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያውን ለማስፋት ሁለት ተጨማሪ ሐዲዶች መዘርጋት ነበረባቸው፤ ሕንፃው ደግሞ ሐዲዶቹ በሚያልፉበት ቦታ ላይ ቆሟል። ሊፈርስ ነበር። ለኦርሊኮን ታሪክ የሚቆረቆሩ ሰዎች ግን ሰፈሩ የተወለደው ከዚህ ፋብሪካ ጋር ነውና ቤቱ አይፍረስ አሉ። በመጨረሻ መሐንዲሶች ሕንፃውን ከመሠረቱ ለይተው በሐዲድ ላይ አስቀመጡት። ሜይ 22 ቀን 2012 በሃይድሮሊክ ማሽን እየገፉ ወደ ምዕራብ ያንቀሳቅሱት ጀመር። 80 ሜትር ርዝመትና 6,200 ቶን ክብደት ያለው ቤት በሰዓት ጥቂት ሜትር ብቻ እየተጓዘ፣ 60 ሜትር ሄዶ በማግስቱ አዲሱ መሠረቱ ላይ አረፈ። ዛሬ ምግብ ቤትና ቢሮዎች አሉበት።

ይህን ታሪክ ለአገር ቤት ሰው ስነግር የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ገንዘብ ስላላቸው ነዋ!» እውነት ነው፤ ገንዘብ አላቸው። ሆኖም እዚህ በኖርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ገንዘቡ የሚመጣው በመጨረሻ መሆኑን ነው። ከገንዘቡ በፊት ሦስት ነገሮች አሉ፦ ቤቱን በስሙ መዝግቦ ማወቅ፣ ስለ ቤቱ በቀነ ገደብ መወሰን፣ ከዚያም በሩን ለሕዝብ መክፈት። ሦስቱም ገንዘብ ለሌለው ከተማ የማይቻሉ አይደሉም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጸጸት ያስተማራቸው ከተሞች

ስዊሶች ከጥንት ጀምሮ አሮጌ ቤት ሲንከባከቡ የኖሩ ይመስለናል። አይደለም። ዙሪክ ከ1833 ጀምሮ የከተማ ቅጥሯን አፈረሰች። ጄኔቫም በ1850 ገደማ ተመሳሳይ ነገር አደረገች። ምክንያታቸው ለዛሬ ጆሯችን እንግዳ አይደለም፦ መንገድ ይስፋ፣ ከተማ ይደግ፣ አየር ይግባ። በሊማት ወንዝ ዳር የነበረው የዙሪክ የሥጋ ገበያ አዳራሽማ እስከ 1962 ቆይቶ ነው የፈረሰው።

ጸጸቱ ቆይቶ መጣ። ኦጉስት ማኛን የተባለ የጄኔቫ አርክቴክት ከ1880 እስከ 1896 ድረስ ደክሞ ከተማዋን ቅጥሯ ሳይፈርስ እንደነበረች በዚንክና በመዳብ በትንሹ ቀርጾ ሠራት። ሥራው ዛሬ በጄኔቫ ሜዞን ታቬል ውስጥ ይታያል። ሜዞን ታቬል ከ1334 ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠራ፣ በጄኔቫ እጅግ አሮጌው መኖሪያ ቤት ነው፤ ከ1986 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። በዙሪክም ሃንስ ላንግማክ የተባለ አርክቴክት ከተማዋ በ1800 ገደማ የነበራትን መልክ እንዲሁ በሞዴል ሠርቷል። እሱንም ኖይማርክት በሚባለው ጎዳና፣ ሃውስ ጹም ሬክ በተባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል።

አስቡት፤ ሁለት ከተሞች ያፈረሱትን መልሰው ለማየት ብለው በትንሹ ሠሩት። ሞዴል ውስጥ ግን ሰው አይኖርበትም፤ ከመስኮቱም የቡና ሽታ አይወጣም።

ስም ያለው ቤት

በዙሪክ አሮጌው ከተማ በኒደርዶርፍ ስታልፉ ከቤቶቹ በር በላይ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ስማቸውና ዓመታቸው ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የቤት ቁጥር ከመምጣቱ በፊት ሰው አድራሻውን የሚናገረው በቤቱ ስም ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጄ ጽሑፎቹን እያነበበች ስትሄድ ቆየችና «እማዬ፣ አንቺ ያደግሽበት ቤት ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። ያደግኩበት ቤት ቀበሌና ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ስም የነበረው ሰፈሩ ነው።

አዲስ አበባ ታሪኳን ያስቀመጠችው በሰፈር ስም ነው። ሠራተኛ ሰፈር ሲባል በምኒልክ ዘመን የነበሩት የእጅ ባለሙያዎች ይታወሳሉ። ሰባራ ባቡር፣ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፤ እያንዳንዱ ስም ታሪክ አለው። ችግሩ በአፍ ብቻ ያለ ስም ከተናጋሪው ጋር መሄዱ ነው። ግድግዳ ላይ የተጻፈና መዝገብ ውስጥ የሰፈረ ስም ግን ባለቤቱ ቢሞት፣ ቤቱም ቢሸጥ ይቆያል።

የዙሪክ ጥበቃ የሚጀምረው ከዚህ መዝገብ ነው። በካንቶኑ የ1975 የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት ሊጠበቁ ይገባቸዋል የሚባሉ ቤቶች በዝርዝር ይያዛሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ብቻውን ቤቱ ለዘላለም አይነካም ማለት አይደለም። «ከመንካታችሁ በፊት እንመርምረው» ማለት ነው። ባለቤቱ ሊያፈርስ ወይም ሊቀይር ከፈለገ «ወስኑልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ አስተዳደሩም በአንድ ዓመት ውስጥ መወሰን አለበት። የጊዜ ማራዘሚያ ቢኖርም ገደብ አለው። ይህ ቀነ ገደብ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ በጥርጣሬ አይኖርም፤ ቤቱም ማንም ሳያየው በአንድ ሌሊት አይፈርስም።

በውሳኔው ያልተስማማ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከባለቤቱ ሌላ ሃይማትሹትስ የተባለው በ1905 የተመሠረተው የቅርስ ጠባቂዎች ማኅበርም መክሰስ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። በሐይቁ ዳር ያለው የ1939ኙ ኮንግረስሃውስ ፈርሶ በአዲስ እንዲተካ የቀረበውን ዕቅድ የዙሪክ ሕዝብ በ2008 ውድቅ አደረገው። በ2016 የእድሳቱን ወጪ አጸደቀ፤ ቤቱም ከጎኑ ካለው የሙዚቃ አዳራሽ ጋር ታድሶ በ2021 ተከፈተ።

ቁልፉ በሕዝብ እጅ ሲሆን

የተጠበቀ ቤት በሩ ከተዘጋ ሕዝቡ ይረሳዋል። ስለዚህ ብዙ ሥራ የሚሠራው በማሳየቱ ላይ ነው። በየዓመቱ በመስከረም ወር በሚከበረው የአውሮፓ የቅርስ ቀን በሌላ ጊዜ የማይገባባቸው ቤቶች፣ ወርክሾፖችና ምድር ቤቶች ለሕዝብ ይከፈታሉ። ጠጋኞቹና አናጺዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ያስረዳሉ። ከልጆች ጋር ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ለሌላው ቀንም ብዙ አለ። በዙሪክ ቴርመንጋሰ በምትባለው ጠባብ መንገድ በብረት ፍርግርግ ላይ እየተራመዳችሁ ከእግራችሁ ሥር የሮማውያንን መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ታያላችሁ። ከሊንደንሆፍ ኮረብታ ሥር ላለው የቁፋሮ ምድር ቤት ደግሞ ከተማው ቁልፉን መታወቂያ ለሚያስይዝ ሰው ያውሳል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የቢሮውን ሰዓት ጠይቁ።

እዚያው ሊንደንሆፍ ላይ በ1747 አንድ የመቃብር ድንጋይ ተገኘ። ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ የነበረ የሮማውያን ቀረጥ ሹም ከሚስቱ ጋር ለሞተ ሕፃን ልጃቸው ያቆሙት ነው። ሕፃኑ የኖረው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ከአምስት ቀን ነበር። የዙሪክ ጥንታዊ ስም «ቱሪኩም» የታወቀው በዚህ ድንጋይ ነው። የአንዲት ባለጸጋ ከተማ ስም የተጠበቀው በንጉሥ ሐውልት ሳይሆን በእናትና አባት ሐዘን ነው ማለት ነው።

ልጆችም በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ከ1946 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት ልጆች በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ የቸኮሌት ሳንቲም በየመንገዱ እየሸጡ ለተፈጥሮና ለቅርስ ጥበቃ ገንዘብ ሰብስበዋል። መጀመሪያ የታደጉት የዚልስን ሐይቅ ነበር። በአሥር ዓመቱ ቸኮሌት ሸጦ ለአንድ ቤት ጣራ ያዋጣ ልጅ፣ አድጎ ድምፅ ሲሰጥ ያንን አይረሳም።

እኛው ዲቤንዶርፍም ድርሻ አላት። አሮጌው ወፍጮ ቤት ኦበረ ሚውለ ዛሬ የባህል ማዕከል ነው። በ1910 የተከፈተው የአውሮፕላን ሜዳችንም የስዊስ አቪዬሽን የተጀመረበት ቦታ እየተባለ በሙዚየሙ ይጎበኛል።

ያለ ዋጋ አይደለም

ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው ብል ውሸት ይሆናል። በተጠበቀ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው መስኮት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። ዙሪክ ውስጥ የሚከራይ ቤት ማግኘት ምን ያህል መከራ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «የጥበቃው ሕግ አዲስ ቤት እንዳይሠራ እያደረገ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። ነገር ግን የሚከራከሩት ቤቱ ሳይፈርስ ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቆሞ ያለን ቤት ነገ ማፍረስ ይቻላል፤ የፈረሰውን ግን መመለስ አይቻልም።

ዙሪክ ያለችው አዲስ አበባ

የዙሪክ ታሪክ ከኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አንድ ሰው አለ፤ አልፍሬድ ኢልግ። በ1854 ፍራውንፌልድ ተወልዶ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ መሐንዲስ ነው። ወጣት ሳለ ወደ ሸዋ ሄዶ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምኒልክን አገልግሏል፤ የጅቡቲን ባቡር ውል በ1894 ከተቀበሉት አንዱ እሱ ነው። በ1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። የሰበሰባቸው ዕቃዎችና ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። የአዲስ አበባ የልጅነት መልክ ከፊሉ የተቀመጠው እኛ ለሥራ በየቀኑ በምንመላለስባት ከተማ ውስጥ ነው።

አገራችንም ሕግ የላትም አይባልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዛል። ጥሩ ሥራም ታይቷል። የራስ ብሩ ቤት ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፤ በምኒልክ ግቢ የሚገኘው አንድነት ፓርክም በ2019 ለሕዝብ ተከፍቷል። የኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ቅርስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሰገነቱ በእንጨት ፈልፍሎ ያጌጠ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ የነጋዴ ወይም የሠራተኛ ቤት ግን «አሮጌ ቤት» ነው የሚባለው።

በ2024 በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሲሄድ፣ እዚህ ያለን ሰዎች በየስልካችን ቪዲዮ እየተቀባበልን አየነው። የሚያለቅስም ነበር፤ «እናቴ በዝናብ ጊዜ ባልዲ ደርድራ የምታድርበት ቤት ነው፤ ምኑ ይናፍቃል?» የሚልም ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያፈስ ጣራ ሥር ማንም ሰው ለቅርስ ተብሎ መኖር የለበትም። ግን ቤቱን ማደስና ሰውን ማሻሻል የግድ ተቃራኒ አይደሉም። ኦርሊኮን ሐዲዱንም ቤቱንም አግኝታለች። ቢያንስ ከማፍረስ በፊት ቤቱ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የነዋሪው ታሪክ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚቀርልን ከስልክ ቪዲዮ የበለጠ በሆነ ነበር።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

ከተማ የሚሠራውን ቤተሰብም በአቅሙ ይሠራል። እነዚህን ሞክሩ፦

1. አልበሙን አውጡ። በአሮጌ ፎቶዎች ጀርባ ላይ ሰፈሩን፣ ዓመቱንና የቤቱን ባለቤት በእርሳስ ጻፉ። የሰርግና የክርስትና ፎቶ ከሰዎቹ ኋላ ግድግዳውን፣ በሩንና ሰገነቱንም ይዟል።

2. ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በሚቀጥለው የስልክ ጥሪ «ቤቱን ማን ሠራው? ጎረቤት እነማን ነበሩ? ሰፈሩ ስሙን ከየት አገኘ?» በሉ፤ አስፈቅዳችሁም ድምፃቸውን ቅዱ።

3. የቤታችሁን ፕላን ሳሉ። ልጆች እየጠየቁ አያት እየመለሱ፣ ምድጃው የት ነበር፣ ጓዳው የት ነበር እያላችሁ በወረቀት ላይ አውርዱት።

4. ልጆቻችሁን አውጡ። በጄኔቫ ሜዞን ታቬልን፣ በዙሪክ ሃውስ ጹም ሬክንና ሊንደንሆፍን፣ በመስከረም የቅርስ ቀንን አሳዩአቸው። አገር ቤት ስትሄዱም ከሆቴልና ከዘመድ ቤት ሌላ አንድ ቀን ለአዲስ አበባ ሙዚየም ስጡ።

5. ቤት ካላችሁ አስቡበት። አገር ቤት የወረሳችሁት አሮጌ ቤት ካለ ከመሸጣችሁ ወይም ከማፍረሳችሁ በፊት ቢያንስ ፎቶ አንሱት፤ በቅርስነት መመዝገቡንም አጣሩ።

እኔ በሦስተኛው ጀምሬያለሁ። እናቴ በስልክ እየነገረችኝ፣ ልጄ እየሳለች፣ ቤቱ ሳሎኑና በረንዳው ደርሷል። ጓዳው ላይ እናቴና አክስቴ ስላልተስማሙ ገና አላለቀም።