ፎገራና ምዌያ፦ ሁለት የሩዝ ሜዳ፣ ሁለት ዓይነት እርጅና

«ጡረታ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ደሞዝተኛ ነው። መምህር፣ ነርስ፣ ወታደር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። እስቲ ቃሉን ልብ በሉት ግን። «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው የመጣው። አያቶቻችን «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» ብለው ሲመርቁ የሚጠቀሙበት ያው ቃል ነው። አማርኛው ራሱ እንደሚነግረን ጡረታ የቢሮ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የልጅ ጉዳይ ነበር። ወረታና ዙሪያዋ ላይ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ዛሬም እንደዛው ነው። ጧሪው ልጅ ነው። ይሄን በስልካችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

«ከጎረቤቶቻችን ጋር ስንወዳደር የት ነን?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው መቶኛ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደሞዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ ቀጣሪው 11 ይጨምራል፤ ድምር 18። ኬንያ 6 ሲደመር 6፣ ድምር 12። ሱዳን በሕጉ ሠራተኛው 8፣ ቀጣሪው 17፣ ድምር 25። በዚህ ብቻ ከሄድን የሱዳን ጡረተኛ አንደኛ፣ እኛ ሁለተኛ፣ ኬንያ መጨረሻ ሊሆኑ ነው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የዋጋ ንረቱ ከ350 በመቶ በላይ ነበር። ከዛ ደግሞ ሚያዝያ 2015 ላይ ጦርነቱ ጀመረ። ከገላባት ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የገባ የካርቱም ሽማግሌ ወረቀቱ ላይ 25 በመቶ ተጽፎለታል፤ እጁ ላይ ግን ምንም የለም። ስለዚህ መቶኛውን ለጊዜው እንተወውና ሁለት ቀላል ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ነው የገባበት? ገንዘቡስ በሚወጣበት ቀን ምን ይገዛል?

ለዚህ ናይሮቢንና አዲስ አበባን ማወዳደር አያስፈልገንም። ከናይሮቢ ሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ኪሪንያጋ በሚባለው ካውንቲ፣ ምዌያ የሚባል ሜዳ አለ። የኬንያ ትልቁ የሩዝ መስኖ እዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የተጀመረ። የኛው ፎገራ ደግሞ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት የጣና ዳር ሜዳ ነው። ጤፍ የማይችለውን ውሃ የሚችል ሰብል ያገኘው በደርግ ጊዜ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እዚህ በነበሩበት ዘመን ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ከዛ ወዲህ የአካባቢውን ኑሮ ቀየረው። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው ወረታ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ሜዳ አንዳንድ ገበሬ እናስብ። ሁለቱም 70 ዓመት ሞልቷቸዋል። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሩዝ ሲያርሙ ኖረዋል። አንድም ቀን ደሞዝ ፈርመው አያውቁም።

የፎገራው አባት ምን አላቸው? የመሬት ይዞታ ደብተር አላቸው። መሬት አይሸጥም፤ ግን ማከራየት ወይም ለእኩል መስጠት ይችላሉ። ጉልበት ሲከዳቸው አንድ ጎረምሳ ያርሰዋል፣ ምርቱን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። እውነተኛው የገበሬ ጡረታ ይሄ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ልጅ በተዳረ ቁጥር ከመሬቱ እየተቆረሰ መሄዱ ነው። አምስት ልጅ ድረው 70 ሲሞላቸው የቀረችው ማሳ ለሁለት ሰው እንኳ አትበቃም። ጡረታቸውን በጎልማሳነታቸው አካፍለው ጨርሰዋል።

ከዛ ከብት አለ፣ የፎገራ ላም ደግሞ ስሟ የታወቀ ነው። ከዛ እድር አለ። እድር ግን ቀባሪ ነው እንጂ ጧሪ አይደለም፤ ድንኳኑም ወጡም የሚደርሰው ከሞቱ በኋላ ነው። ከዛ ልጅ። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ባጃጅ ላይ፣ አንዷ ዓረብ አገር፣ አንዱ ወቅት ጠብቆ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ። በየወሩ ከመንግሥት የሚመጣ ነገር ግን የለም። በደቡብ ጎንደር እንደ እብናትና ስማዳ ባሉ በምግብ እጥረት በሚታወቁ ወረዳዎች ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን በሴፍቲኔት ድጋፍ ያገኛሉ። ፎገራ ግን የሚታወቀው በትርፍ አምራችነቱ ነው። ትርፍ የሚያመርተው ሜዳው ነው እንጂ እያንዳንዱ ሽማግሌ አይደለም፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የምዌያውስ? እሳቸውም የገበሬ ጡረታ የሚባል ነገር በራሱ አልመጣላቸውም። ሁለት ነገር ግን አለ።

አንደኛው «ኢኑዋ ጃሚ» የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላው ኬንያዊ፣ ሌላ ጡረታ ከሌለው፣ ደሞዝተኛ ነበር አልነበረም ሳይባል ተመዝግቦ በወር 2,000 ሽልንግ እንዲያገኝ ተደረገ። ወደ 15 ዶላር ገደማ ነው። ትንሽ ነው። ክፍያው ለወራት እየዘገየ አረጋውያኑን ያስመረረበት ጊዜም ብዙ ነው። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፦ መስፈርቱ ዕድሜ እንጂ የሥራ ውል አይደለም።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ኤምፔሳ እዛ አገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በ2011 ደግሞ «ምባኦ» የሚባል የጡረታ ቁጠባ ተከፈተ። ምባኦ በናይሮቢ የአራዳ ቋንቋ 20 ሽልንግ ማለት ነው። መካኒኩ፣ ጉልት ሻጯ፣ ገበሬው በቀን 20 ሽልንግ በስልኩ ይልካል፣ በቃ። የብሔራዊው ማኅበራዊ ዋስትና ፈንድም በቀን 25 ሽልንግ የሚጠራቀምበት «ሀባ ሀባ» የሚል ተመሳሳይ ነገር አመጣ። ስሙ ከስዋሂሊ ተረት የተወሰደ ነው፤ የኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ዓይነት።

ኬንያን ገነት አድርገን እንዳንስላት ግን ስሌቱን እንሥራው። በቀን 20 ሽልንግ በዓመት 7,300 ነው። 20 ዓመት ሳይቋረጥ ቢቀጥል 146,000 ሽልንግ፤ ወለዱን ሳንቆጥር 1,100 ዶላር ገደማ። ይህ ደግሞ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ነው። ብዙ ሰው ተመዝግቦ ከጥቂት ወራት በኋላ መላክ አቁሟል። ደሞዝተኛውም ቢሆን ለረጅም ዓመታት የሚያዋጣው በወር 200 ሽልንግ ብቻ ነበር፣ ቀጣሪው ሌላ 200። ሰላሳ ዓመት ቢሠራ ከወለዱ በፊት 144,000 ሽልንግ። አዲሱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ፣ 6 በ6 የሚባለው ሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው።

ለደሞዝተኛ ሰው፣ በወረቀት ደረጃ፣ የኛ ይሻላል። ለምን? የኛው ሕግ የሚሰጠው የተጠራቀመ ሒሳብ ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚቀጥል የወር ክፍያ ነው። 60 ዓመት ሞልቶህ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግለህ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝህ 30 በመቶ ይታሰብልሃል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ሰላሳ ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል፤ አማካይ ደሞዙ 10,000 ብር ከነበረ 5,500 ብር በወር። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እሱ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ማለትም በ18 ዓመትህ ተቀጥረህ አንድም ቀን ሳትቋረጥ 60 መድረስ። ጡረተኛው ሲሞት ደግሞ የትዳር ጓደኛው ግማሹን ማግኘት ትቀጥላለች። የድሮው የኬንያ ፈንድ ይሄን አይሰጥም ነበር።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። 5,500 ብሩ ምን ይገዛል?

እ.ኤ.አ. በ2022 የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት በአማካይ 34 በመቶ አካባቢ ነበር። ኬንያ በዛው ዓመት በአማካይ 8 በመቶ እንኳ አልሞላም። በዓመቱ መጀመሪያ 1,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዝቅተኛው የ7 በመቶ ወለድ በዓመቱ 1,070 ብር አለው። በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን ወደ 1,340 ብር ገብቷል። ቆጥቦ ከሰረ። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ደሞዝ ቢያንስ አንዳንዴ ይስተካከላል። ጡረታ ከወጣ ሰው ክፍያ ግን ገበያው በወጣ ቁጥር አብሮ አይወጣም፣ መንግሥት እስኪወስን ይጠብቃል።

ለዚህ ነው ሩዙን ሸጦ በሬ የሚገዛ የፎገራ ገበሬን «ባንክ አያውቅም» ብሎ ማላገጥ የማይገባው። በሬው በዋጋ ንረት አይቀልጥም፣ ዋጋው አብሮ ይወጣል። ገበሬው ስሌቱን ከብዙ የባንክ ማስታወቂያ በተሻለ ያውቃል እኮ። በሬ ግን ይታመማል፣ ጎርፍ ይመጣል፣ ሌባ አለ፣ ደግሞም 70 ሲሞላህ በሬ የሚጠብቅልህ ሰው ያስፈልጋል።

«ገበሬ ቋሚ ገቢ ስለሌለው መዋጮ አይሆንለትም» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን መልስ ፎገራ ራሱ ውድቅ አድርጎታል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ፎገራ ነው። ደሞዝ የሌለው ገበሬ በቤተሰብ ተመዝግቦ በዓመት አንዴ ከፍሎ ጤና ጣቢያ በደብተሩ ይታከማል። ሙከራው ሠርቶ ነው ወደ ሌላው አገር የተስፋፋው። ወረታ ውስጥ የመድን ደብተር የሌለው ቤት ስትፈልጉ አስቡት፣ ከዛ ደግሞ የጡረታ ቁጥር ያለው ገበሬ ፈልጉ።

በኔ እይታ የኬንያ የቀን 20 ሽልንግ ለፎገራ እንዳለ አይገጥምም። በየቀኑ ገቢ ላለው ባጃጅ ነጂና ነጋዴ ይሆናል። የሩዝ ገበሬ ብር የሚያየው ምርት ሲሰበሰብ፣ ከዛም በበጋ መስኖ ሽንኩርቱ ሲሸጥ ነው። ለሱ የሚሆነው እንደ ጤና መድኑ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚከፈል ነገር ነው። ሌላው ጎደሎ ደግሞ 11 በመቶው ነው። ተቀጣሪ ቀጣሪው ይጨምርለታል፣ ለገበሬው ማን ይጨምር? ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኤጆ ሄዛ» የሚባለውን ቁጠባ ስትጀምር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ሲቆጥብ መንግሥት እንዲጨምርለት አድርጋ ነው። ያለዚያ 20 ሽልንጉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

እኛ ጋ የ2003ቱ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በር ከፍቶ ነበር። በሩ ተከፈተ እንጂ በመንገዱ የሄደ ብዙ ሰው አልታየም። ስልኩ አሁን አለ፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ፣ ኤምፔሳም ተከትሎ ገብቷል። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ሞባይል ዳታ ተዘግቶ የነበረበትን ጊዜ ያየ ሰው መተግበሪያ ላይ ብቻ የተሠራ ጡረታ አያምንም፣ እውነቱን ነው። በ*127# ያለ ዳታ የሚሠራ መሆን አለበት።

አንድ የማይጠበቅ ነገር ልጨምር። በተባበሩት መንግሥታት ግምት የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከኬንያዊው በጥቂት ዓመታት ይበልጣል። ረጅም እንኖራለን፣ ግን ለነዚያ ዓመታት ያዘጋጀነው ያነሰ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ወር በገባ ቁጥር ለእናቱ በቴሌብር የሚልከው ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ለራሱ እርጅና መቆጠብ የነበረበትን ነው የሚልከው።

አሁን ወረታም ሆነ ባሕር ዳር ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ በሩዝ መፈልፈያ፣ በሆቴል፣ በሱቅ፣ በትራንስፖርት ድርጅት፣ ይሄን አረጋግጡ። በ2003ቱ አዋጅ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ በደሞዝ የተቀጠረ የግል ድርጅት ሠራተኛ ይሸፈን ነበር፤ ቋሚ መሆን አይጠበቅበትም ነበር። በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 መሠረትም መዋጮው ግዴታ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ። የደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ 7ቱ ተቆርጦ ከሆነ 11ዱ አብሮ ገቢ መደረጉን ጠይቁ። ሥራ ብትቀይሩ የአገልግሎት ዓመቱ ይደመራል፣ ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤና የመልቀቂያ ወረቀት አትጣሉ፤ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ቀጣሪ «ጡረታ ምን ያደርግልሃል፣ 7ቱ በኪስህ ይቅር» ካለ ደግሞ በ5,000 ብር ደሞዝ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ እናንተ በወር 350 ብር ታተርፋላችሁ፣ እሱ ሊከፍልላችሁ የሚገባውን 550 ብር ያተርፋል።