ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

መኪናው አልነሳ አለ። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ይልና ዝም። ሠልጣኙ ባትሪውን ይለካል፤ 12.6 ቮልት፣ ጤነኛ ነው። «ሞተሪኖው ነው» ብሎ አዲስ ያስገባል። መኪናው አሁንም ንቅንቅ አይልም፤ የሞተሪኖው ዋጋ ግን በስሙ ተመዝግቧል። ጥፋቱ የነበረው የዛገው የኔጋቲቭ ገመድ ማሰሪያ ላይ ነው። ቁልፉ ሲዞር በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ አካል መካከል ቢለካ ኖሮ፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ባየ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ኮምፒውተር ላይ ነው። የኔዘርላንድሱ ኤሌክቱድን የመሳሰሉ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ልምምድ በኢንተርኔት ያቀርባሉ። ደንበኛ የለ፣ የሚቃጠል ፊውዝ የለ፤ ስህተቱም አንድ ሺህ ጊዜ ሊደገም ይችላል።

የአዲስ አበባው ልደታ ክፍለ ከተማ ለዚህ ወሬ ሩቅ አይደለም። በ1930ዎቹ፣ ከጣሊያን ወረራ ማግስት የተመሠረተው ተግባረ ዕድ የሚገኘው እዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ መካኒክ ሲያፈራ የኖረ ተቋም ነው። ዛሬ ግን ጋራዥ የሚገባው መኪና ተቀይሯል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በጎዳናው ላይ በዙ።

የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። በቤንዚን መኪና «ሞክሬ ልየው» ማለት ያስኬዳል፤ እዚህ ግን ሕይወት ያስከፍላል። መካኒኩ መጀመሪያ 12 ቮልቱን ያላቅቃል፣ ከዚያ የከፍተኛውን ቮልቴጅ መቁረጫ ይነቅላል፣ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ይጠብቃል፣ በመጨረሻም በጎማ ጓንት ለክቶ ዜሮ መሆኑን ያረጋግጣል። ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚሸከመው ብርቱካናማ ገመድ የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ቃል በቃል ከማስጠናት ይልቅ ሠልጣኙ ደረጃ ሲዘል ስክሪኑ ላይ «ቢሞት» ይሻላል።

በእርግጥ የዛገ ብሎን ሊበጠስ ሲል እጅ የሚሰማውን ስክሪን አያስተምርም። መብራትና የኢንተርኔት ወጪም አለ። ኮሌጆች ግን የአገሪቱ ሥልጠና ሠልጣኙን ወደ ጋራዥ ከሚልክበት የትብብር ጊዜ በፊት ይህን ልምምድ ሊያስቀድሙ፣ ጥያቄዎቹንም በአማርኛ ሊያዘጋጁ ይገባል። የጋራዥ ባለቤቶችም ጀማሪ ሲቀበሉ መፍቻ ከማስያዛቸው በፊት መለካት መማሩን ይጠይቁ።