የአዋሽ ቡፌና የሰዓት ንግድ

«ቡፌ» የሚለው ቃል በአገራችን ለሦስት ነገሮች መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። በየቤቱ ሳሎን ሰሃንና ብርጭቆ የሚደረደርበት ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ቡፌ ይባላል። በሠርግና በሆቴል እንግዳው ሰሃኑን ይዞ ራሱ እያነሣ የሚመገብበት ገበታም ቡፌ ይባላል። በባቡር ጣቢያ አጠገብ ለመንገደኛ ምግብና ማረፊያ የሚሰጥ ቤትም፣ በአዲስ አበባ ስሙ እንደታወቀው እንደ ቡፌ ደ ላ ጋር ያለው፣ በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ለነጋዴ ከሦስቱ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የጣቢያው ቡፌ ነው፤ ከእነዚህም መካከል በአፋር ምድር የሚገኘው የአዋሽ ቡፌ በመንገደኞች ዘንድ ስመ ጥር ሆኖ ቆይቷል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ከፈቀዱ በኋላ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ምክንያት ስለከሰረ ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ፣ በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሁለቱ ሌሊቶች የሚታደሩትም አንዱ በድሬዳዋ፣ ሁለተኛው በአዋሽ ነበር። በሙቀቱና በአቧራው የደከመው መንገደኛ በአዋሽ ሲወርድ ከጣቢያው አጠገብ ጥላ ያለው በረንዳ፣ የተነጠፈ አልጋና የተሰናዳ ራት ይጠብቀው ነበር። ቤቱንም ለረጅም ዓመታት አንዲት የግሪክ ተወላጅ እመቤት አስተዳድረውታል።

ይህ ቤት በዚያ ቆላ ውስጥ እንዴት ሊያተርፍ ቻለ? ምስጢሩ የወጡ ጣዕም ብቻ አልነበረም። ባቡሩ ለባለቤቱ ሁለት ነገሮችን በነጻ ይሰጥ ነበር፤ አንደኛው ሰዓት፣ ሁለተኛው የእንግዳ ቍጥር ግምት። በሕንድ አገር ደግሞ ይህ ሥርዓት ይልቁንም ተሻሽሎ፣ የባቡሩ ሠራተኛ የመንገደኞቹን የምግብ ትእዛዝ ሰብስቦ በቴሌግራፍ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያስተላልፍ ነበር። እንግዳው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ስንት በግ እንደሚታረድና ስንት ዳቦ እንደሚጋገር የሚያውቅ ባለሆቴል በከንቱ የሚጥለው ነገር ጥቂት ነው።

ነገር ግን በሌላ ሰው ሰዓት የሚኖር ንግድ፣ ሰዓቱ በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይለወጣል። ባቡሩ እየፈጠነና በሌሊትም መጓዝ ሲጀምር በአዋሽ ማደር አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የቀድሞው ባቡር አገልግሎት ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ቢጀምርም፣ በአዋሽ እንደ ጥንቱ አያድርም። ወደ ጅቡቲ ከሚወጣውና ከዚያም ከሚገባው ዕቃ አብዛኛው በከባድ መኪና በአዋሽና በሚሌ መንገድ ይመላለሳል። መንገደኛው ከባቡር ወደ መኪና ተዛውሯል ማለት ነው።

ታዲያ በአሁኑ ጊዜ በመልካ ወረርና በአካባቢው ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴ በየከተማው ትልልቅ ሆቴሎች የሚያየውን የቡፌ ገበታ ቢያቋቁም ይጠቀም ይሆን? መልሱን ለማግኘት የገበታውን ሒሳብ መመርመር ያስፈልጋል።

እንግዳው ራሱ የሚያነሣበት ገበታ ከስዊድን ልማድ የመጣ ሲሆን፣ በ1939 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ከቀረበ ወዲህ በሌሎች አገሮች በሰፊው ታወቀ። በ1958 (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል ይህንኑ ገበታ «ቫይኪንግ» በሚል ስም ስለከፈተ፣ ጃፓኖች እስከ ዛሬ ቡፌን በዚህ ስም ይጠሩታል። ዛሬም በቦምቤይም ሆነ በአዲስ አበባ ባሉ ታላላቅ ሆቴሎች ደንቡ አንድ ነው፤ ዋጋው በነፍስ ወከፍ አስቀድሞ ይቈረጣል፤ ብዙ የሚበላው ጥቂት በሚበላው ይካካሳል፤ አስተናጋጅም ጥቂት ይበቃል። ብልህ ባለሆቴል ሰላጣውንና ዳቦውን ከፊት፣ ሥጋውን ከመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ሥጋውንም እንግዳው ራሱ እንዳያነሣ አንድ ወጥ ቤት ቆሞ እንዲቈርስ ያደርጋል።

ሒሳቡ የሚሰናከለው ግን እንግዳው የቀረ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ለ40 ሰው ያሰናዳ ቤት 25 ሰው ብቻ ቢመጣለት፣ የቀሪውን የ15 ሰው ምግብ ወጪ የመጡት 25ቱ ይሸከሙታል፤ የአንዱ እንግዳ ምግብ ወጪም በመቶ 60 ይጨምራል። በትእዛዝ የሚያበስል ቤት እንዲህ ያለ ጉዳት አያገኘውም።

በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ሌላ ከባድ ጠላት አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሙቀት ወይም ከ5 ዲግሪ በታች በቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ሊበላሽ ይችላል። በሌላው ሥፍራ ለሁለት ሰዓት ይታገሣል የሚባለው ምግብ፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ በገበታ ላይ ሊቈይ አይገባም። በመልካ ወረር የቀኑ ሙቀት ከዚህ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ትልቅ ድስት አውጥቶ ማስቀመጥ ኪሣራ ነው፤ በትንሽ ዕቃ እያቀረቡ ቶሎ ቶሎ መተካት ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የእምነት ጉዳይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ እስላምም ክርስቲያንም ይመገባል፤ አንዱም ከሌላው እርድ አይበላም። በረቡዕና በዓርብ ደግሞ ጾመኛው ሥጋና ቅቤ የነካውን አይቀምስም። ስለዚህ አንድ የሚመስለው ገበታ በእውነቱ ሦስት ነው፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ድስት፣ የራሱ ቢላዋና የራሱ ጭልፋ ያስፈልገዋል። አንድ ጭልፋ ከአንዱ ወጥ ወደ ሌላው ሲገባ የታየበት ቤት በአንድ ቀን ያጣውን እምነት በዓመት አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያሳየው፣ ቡፌ ሰዓት የሚሸጥ ንግድ መሆኑን ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ሰዓት የለውም፤ አንዱ በእኩለ ቀን፣ ሌላው በእኩለ ሌሊት ይደርሳል። ለእርሱ የሚስማማው በትእዛዝ የሚሠራ ምግብ ነው። ሹፌሩን በቡፌ ለማስተናገድ የሚነሣ ነጋዴ ባቡር በሌለበት ጣቢያ እንደከፈተ ይቈጠራል።

ሆኖም በመልካ ወረር ባቡር የማያስፈልገው ሰዓት አለ። በረመዳን ወር ፀሐይ ስትገባ የመግሪብ አዛን ይሰማል፤ ጾመኛው ሁሉ በአንድ ደቂቃ እጁን ወደ ቴምሩና ወደ ሾርባው ይዘረጋል። ይህን ሰዓት ማንም ኩባንያ ሊሰርዘው አይችልም። ቍጥሩም ከዋዜማው በምዝገባ ሊታወቅ ይችላል፤ ፀሐይም ስለገባች የቀኑ ሙቀት እየበረደ ይሄዳል። ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ነጋዴው የሚውልበትን ወቅት አስቀድሞ መመልከት አለበት። ከዚህም ሌላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የወረር የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ፤ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚደረግ ስብሰባና ሥልጠና የእንግዳው ቍጥርና የምሳው ሰዓት ቀድሞ የተቈረጠ ነው። ሠርግም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚነሣ ነጋዴ ዘወትር በትእዛዝ እያበሰለ፣ ሰዓቱና ቍጥሩ በታወቀ ቀን ብቻ ቡፌ ቢዘረጋ ከሁለቱም ይጠቀማል። የአዋሽ ቡፌ በባቡሩ ሰዓት ኖረ፤ ባቡሩ ማደሩን በተወ ጊዜም ሰዓቱን የሚሰጠው አጣ። ለነጋዴ ዋናው ጥያቄ ምን ዓይነት ገበታ ልዘርጋ የሚለው ሳይሆን፣ እንግዳዬ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረኝ ማን ነው፣ እርሱስ እስከ መቼ ይነግረኛል የሚለው ነው።