የቀዶ ሕክምና ክፍልን ለጽዳት ድርጅት ከመስጠት በፊት

የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ማሻሻያ ከተጀመረ ወዲህ ሆስፒታሎች ሕክምና ነክ ያልሆኑ ሥራዎችን፣ ጽዳትን ጨምሮ፣ ለሦስተኛ ወገን በውል መስጠት ይችላሉ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ ሆስፒታል ለማድረግ ንቅናቄ ከጀመረ በኋላም ጉዳዩ ትኩረት አግኝቷል። ይሁን እንጂ ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት ሁሉ የቀዶ ሕክምና ክፍልን ማጽዳት ይችላል ማለት አይደለም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቁስሏ ቢያመረቅዝ፣ ከገጠር ቀበሌዋ ተመልሳ እስክትመጣ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለዚህ በጨረታ ወቅት ከዋጋው አስቀድሞ መመርመር ያለበት የሠራተኞቹ ዕውቀት ነው። በገበያ የሚገኘው በረኪና አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ክሎሪን ይይዛል፤ 0.5 በመቶ ለማድረግ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ ይህም በየዕለቱ አዲስ መዘጋጀት አለበት። ደምና አፈር ኃይሉን ስለሚያዳክሙት ወለሉ በመጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም በረኪናው ፈስሶበት 10 ደቂቃ ይቆያል። ተጫራቹ ይህን በተግባር እንዲያሳይ መጠየቅ የምስክር ወረቀት ክምር ከመቁጠር ይሻላል። የበጋው አቧራ በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ ወደ አየር ስለሚነሣ ደረቅ መጥረጊያ ወደ ክፍሉ አይገባም፤ የክፍሉ መወልወያና ባልዲም ለሌላ ቦታ አይውልም።

እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ድርጅት ከወፍራም ጓንትና ከቦት ጫማ ሊቆጥብ ይችላል። የጽዳት ሠራተኞች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወጪ በማን እንደሚሸፈን ሳይጻፍ የሚፈረም ውል ጎደሎ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ነርስም ያልረካችበትን ጽዳት የማስደገም ሥልጣን በውሉ ሊሰጣት ይገባል፤ ወርኃዊ ክፍያው በእርሷ ፊርማ ቢጸና ይበጃል።