ሰንጠረዥ፦ የሚባለውና እውነቱ

ጎንደር ውስጥ ጥላ ፈልጎ፣ ቆርኪ ደርድሮ ዳማ የሚጫወት ሰው አይጠፋም። የመኳንንቱን የገበታ ጦርነት፣ ሰንጠረዥን፣ በጥንቱ ሕግ የሚጫወት ግን ብርቅ ነው። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ እየተረሳ ስለ ሄደ፣ ስለ እሱ የሚወራው አብዛኛው ከዛሬው ቼዝ ተነሥቶ የተገመተ ነው።

«ሰንጠረዥ ያው ቼዝ ነው፤ ያመጡትም ፈረንጆች ናቸው»

64 ቤትና በየወገኑ 16 ጠጠር ያላቸው መሆኑ ያመሳስላቸዋል፤ አካሄዱ ግን ይለያል። ፈርዝ የሚቆመው በንግሥቲቱ ቦታ ቢሆንም የሚራመደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ፊል በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። እግረኛው መደቅም ከመነሻው ሁለት ቤት መራመድ አይችልም። ደርና ፈረስ ግን እንደ ዛሬው ናቸው። ይህ ከፋርስና ከዓረብ የመጣ የቆየ ሕግ ነው። አውሮጳ ንግሥቲቱንና ጳጳሱን ያፈጠነችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ የኛ ሰንጠረዥ ያንን ለውጥ አልተቀበለም። ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ተጫውተዋል፤ በጎንደር ቤተ መንግሥት ነገሥታት ሲያነግሡና ሲሽሩ የኖሩት ራስ ሚካኤል ስሑልም የጨዋታው ወዳጅ ነበሩ።

«ጨዋታው ከመጀመሪያው ተራ በተራ ነው»

የሰንጠረዥ ልዩ ነገር እዚህ ላይ ነው። መክፈቻው ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም በየፊናቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ፈረሱን ወደ ግራ ሲያወጣ ያየ ባላጋራ የራሱን አሰላለፍ ወዲያው ይቀይራል። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ስለዚህ ፈጣን እጅ ብቻ አይበቃም፤ ጦርነቱን መቼ መክፈት እንደሚሻል መለየትም ያስፈልጋል። ጨዋታውን ከገለጹት ጸሐፊዎች አንዱ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አጠገብ ቆስሎ በከተማዋ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1868 ነው።

«ንጉሥ ከተያዘ፣ በምንም ይያዝ፣ ድሉ አንድ ነው»

አይደለም። በኃይለኞቹ በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን ይዞ ማት ማለት ክብሩ ትንሽ ነው። የሚደነቀው በደካሞቹ፣ በፊል፣ በፈርዝና በመደቅ፣ ንጉሡን አጥምዶ የያዘ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ ማት አይባልም። እናም የባላጋራውን ጠጠር ሁሉ ለቃቅሞ የጨረሰ ስግብግብ ድሉን በገዛ እጁ ያጣል፤ አሸናፊ መሆን የሚፈልግ ለጠላቱ ጥቂት ሠራዊት መተው አለበት።

«ልዩ ገበታ ከሌለ አይሆንም»

የጥንቱ ገበታ የቼዙ ጥቁርና ነጭ እንኳ አልነበረውም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ይሰመርበት ነበር። ዛሬ ማንኛውም የቼዝ ዕቃ ይበቃል፤ ንግሥቲቱ ፈርዝ፣ ጳጳሱ ፊል ይሆናሉ። ከሁሉ የሚመቸው ማግኔት ያለው፣ የሚታጠፈው የጉዞ ቼዝ ነው። በወረራ ጊዜ አራት እጅ ባንዴ ገበታው ላይ ስለሚሯሯጥ ጠጠር መውደቁ አይቀርም፤ ማግኔቱ ከብረቱ ሰሌዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ወደ ደባርቅ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥም ሠራዊቱ አይበተንም።

«ማግኔቱ ስልክ ያበላሻል»

ይህ ስጋት የመጣው ካሴትና ዲስኬት በማግኔት ይሠሩ ከነበረበት ጊዜ ነው። የስልክ ፎቶና መልእክት የሚቀመጥበት ቺፕ መረጃን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙል እንጂ በማግኔት አይደለም፤ የጨዋታ ማግኔት አያጠፋውም። ሊያሳስት የሚችለው ኮምፓሱን ነው፤ እሱም ማግኔቱ ሲርቅ ይስተካከላል። ከገበታው ማራቅ የሚገባው ጀርባው ላይ ጥቁር የማግኔት መስመር ያለውን የባንክ ካርድ ነው።