ጠርዙን አዙራችሁ እዩ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከአያት ሳጥን ጠገራ ብር ሲወጣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ዓመቱ ላይ ነው፤ 1780 ይላል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ነገር ተገኘ ተብሎ ወሬው ጎረቤት ይደርሳል። ግን ይህ ቁጥር የብሩን ዕድሜ አይናገርም። ጠገራው ላይ የምትታየው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ነጋዴው ግን የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስላለ፣ ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲቀረጽ ኖረ። አብዛኛው ጠገራ እውነተኛ ብር ነው፤ ብርቅ ግን አይደለም።

ለጌጥ ወይም ለቱሪስት ተብሎ አስመስሎ የተሠራውን የሚለየው ጠርዙ ነው። እውነተኛውን በጣት አዙሩት፤ ዙሪያውን ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላትና ጌጦች ይዳሰሳሉ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ አለዚያም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ከዚያ ወርቅ ቤት አስመዝኑት። 28 ግራም ከጥቂት መሆን አለበት፤ ማንጠልጠያ ከተበየደበት ይጨምራል፣ ከተበሳ ይቀንሳል። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም።

በአገራችንም ጠርዝ ሌባን የገታበት ታሪክ አለ። የ1936 ዓ.ም. ባለ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ መዳብ ነበር። አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ 50 ሳንቲም ነው ብለው ሲያሳልፉት፣ መንግሥት ጠርዙን ወጣ ገባ አደረገው። እነዚህ የ1936 ሳንቲሞችም ዓመታቸው ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ተቀርጸዋል።

ከሳጥኑ የወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከሆነ ግን ረጋ ብላችሁ ዓመቱን አንብቡ። ፓሪስ የተቀረጸው የ1887 ዓ.ም. ብር ብዛቱ ከ1889ኙ በጣም ያንሳል። ለወላይታ ሰው ደግሞ 1887 የምኒልክ ጦር የገባበት፣ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና የተማረኩበት ዓመት ነው። ማርጩዋ በሚባል የብረት ገንዘብ ሲገበያይ ለኖረ አገር እንዲህ ያለው ብር ከገበያ ዋጋው በላይ ነው፤ ለብር አንጥረኛ ተሰጥቶ ሲቀልጥ ማየት ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር አደራ፦ ጠቆረ ብላችሁ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። ሰብሳቢዎች የተፈተገን ሳንቲም ከጠቆረው ባነሰ ዋጋ ነው የሚገዙት፤ የተፋቀው ፊትም አይመለስም።